ባለ አራት ቀንድ የሮማ ኮርቻ በደሴ፦ ዕቃውም ትምህርቱም ሲመዘን

ደሴ ውስጥ ኮርቻና የበቅሎ ዕቃ የሚሠራ አንድ ቤት፣ ከተለመደው ሥራው ጎን ለጎን የጥንት ሮማ ፈረሰኞች ይቀመጡበት የነበረውን ባለ አራት ቀንድ ኮርቻ በትእዛዝ ይሠራል። ኮርቻው ብቻውን አይሸጥም። የደረትና የታፋ ማሰሪያው፣ የናስ ጌጡ፣ ልጓሙና ዛቡ አብረው ይመጣሉ። ለፈለገ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ላይ የአሥር ቀን የግልቢያ ትምህርት አለ። ለትርኢት፣ ለፊልም ወይም ለታሪክ ፍቅር ብሎ ይህን ዕቃ ማሠራት ለሚያስብ ሰው ፍርዳችንን አስቀድመን እንንገረው፤ እንጨቱ በጣም ጥሩ ነው፣ ቆዳው ጥሩ ነው፣ ልጓሙ መለወጥ አለበት፣ ትምህርቱ አጀማመሩ ያማረ ሆኖ መሐል ላይ ይቸኩላል።

ይህ ኮርቻ እርካብ የለውም። እርካብ አውሮፓ የገባው የምዕራቡ የሮማ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው። ጋላቢውን የሚይዙት አራቱ ቀንዶች ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ ወደ ውጭና ወደ ኋላ ጋደል ብለው ጭኑን ከላይ ይጫኑታል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ቆመው ዳሌውን ይደግፉታል። ሰውየው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የግራ ጭኑ ሊነሣ ይልና ከግራው የፊት ቀንድ ሥር ይያዛል። ፈረሱ ድንገት ሲቆም የፊተኞቹ፣ ድንገት ሲፈተለክ የኋለኞቹ ይይዙታል። በዚህ ምክንያት በቀንዶቹ ላይ የሚፈጠር የሁለት ጣት ስሕተት ዕቃውን ጌጥ ብቻ ያደርገዋል።

ባለሙያው የገጠመው ፈተና ቀላል አይደለም። ከመሬት የወጣ ሙሉ የሮማ ኮርቻ የለም። የተገኘው ልብሱ ነው፤ ሆላንድ ውስጥ ቫልከንቡርግ፣ እንግሊዝ ውስጥ ቪንዶላንዳ ላይ የፍየል ቆዳ ሽፋኖች ወጥተዋል። ስኮትላንድ ውስጥ ኒውስቴድ ላይ ደግሞ ጀምስ ከርል በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባስቆፈረው የጦር ሰፈር ቀንዱን የሚያጠነክሩ የነሐስ ዝርግ ብረቶች ተገኝተዋል። እንጨቱ ግን የለም። ፒተር ኮኖሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቆዳውንና ነሐሱን አይቶ ውስጡ የእንጨት አጥንት እንደነበረው ገመተና ሠርቶ ጋለበበት። እንጨት አልነበረውም፣ የታጨቀ ቆዳ ብቻ ነው የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። የደሴው ቤት የተከተለው የኮኖሊን መንገድ ነው፤ ጥሩም አድርጓል። እንጨት ያለው ኮርቻ የጋላቢውን ክብደት ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያካፍላል፤ ኮርቻ ሠሪውም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ይኸው ነው።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚተኙ ሁለት ገበታዎች፣ እነሱን የሚያያይዙ የፊትና የኋላ ቅስቶች፣ ከቅስቶቹ ላይ የሚበቅሉ አራት ቀንዶች አሉት። መጋጠሚያው በእንጨት ችንካር ተመትቶ ሁሉም ነገር በረጠበ ያልለፋ የበሬ ቆዳ ይሰፋል። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ያየነው ኮርቻ ገበታው ላይ ቆመን ብናወዛውዘው እንኳ ድምፅ አላወጣም። ገበታው 48 ሳንቲ ሜትር፣ በፊትና በኋላ ቀንዶች መካከል ያለው መቀመጫ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ ገበታዎች መሐል ለአከርካሪው የተተወው ክፍተት አራት ጣት ይሆናል፤ ከዚህ ቢጠብ አጥንት ይነካል።

ስለዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብንባል የምንለው ይህን ነው፦ ገበታውን ለባለሙያው ተዉለት፣ ቀንዱን ግን አትተዉለት። የወሎን ፈረስ ጀርባ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከውጭ አገር ሥዕል ተቀድቶ የመጣ ልክ ሰፊ ጀርባ ላለው ፈረስ የተሰላ ነው፤ የእኛ ፈረስ ላይ ሲጫን ፊቱ ይዘቅጥና የትከሻው ጉብታ ላይ ያርፋል። ኮርቻ ሠሪው የፊቱን ቅስት ጠበብ አድርጎ፣ የገበታውን የውስጥ ፊት በመጥረቢያና በመሞረጃ ከፈረሱ ጎን ጋር አስማምቶ ነው የሠራው። ቀንዱ ላይ ግን እጁ የለመደው የአገራችን ኮርቻ ቅርጽ ይመጣበታል፤ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ቀጥ ያለ ቀንድ ያምራል፣ ጭን ግን አይዝም። ቆዳ ከመልበሱ በፊት ባዶው እንጨት ላይ ተቀምጣችሁ ፈትኑት። በጭናችሁና በፊት ቀንዱ መካከል የተዘረጋ መዳፍ ታከክ ብሎ ማለፍ አለበት። ጭብጥ ካለፈ ቀንዱ ላልቷል። መዳፍም ካላለፈ በሶምሶማ ጊዜ ጭናችሁ ይበልዛል። ቆዳው ከተሰፋ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

የፈረሱን ልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፈረሱን ደሴ ድረስ መንዳት አያስፈልግም። ወፍራም ጥቁር ሽቦ ድርብ አድርጋችሁ ከትከሻው አጥንት ሦስት ጣት ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስተኙና በሁለቱም ጎን ተጭናችሁ ቅርጹን አስይዙት። ሳታጣምሙ አንሥታችሁ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ተከተሉት፣ ግራና ቀኝ ብላችሁም ጻፉበት፤ ብዙ ፈረስ አንዱ ትከሻው ከሌላው ይወፍራል። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሁለተኛውን ውሰዱ። ሦስተኛው ሽቦ በቁመት፣ ከትከሻው ጉብታ እስከ መጨረሻው ጎድን መነሻ ነው። ገበታው ከመጨረሻው ጎድን ማለፍ የለበትም። ፈረሱ ሲለካ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ራሱን ዝቅ ሳያደርግ ቁሞ ይሁን፤ ሣር እየጋጠ የተለካ ጀርባ ሌላ ጀርባ ነው።

የላዩ ቆዳ የባቲ ፍየል ነው። የባቲ ፍየል ቆዳ ከአገር አልፎ የታወቀ ነውና ለሮማ ኮርቻ ከዚህ የተሻለ ሊገኝ አይችልም፤ ጥንትም የፍየል ቆዳ ነበር። ጉዳዩ አለፋፉ ላይ ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳና ርካሽ ቢሆንም ይለጠጣል፣ በውኃ የሰጡትን ቅርጽም አይዝም። ቀንዱን እንደ ጓንት የሚያለብሰው በዕፅ የለፋ ቆዳ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ጠርዙን በምላጭ ቆረጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ውስጡ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው፣ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ከሆነ በዕፅ የለፋ ነው። ቤቱ ሁለቱንም ያስቀምጣል፤ ካልጠየቃችሁት ያለውን ይሰፋላችኋል።

አለባበሱ እንዲህ ነው። ቆዳው ለብ ባለ ውኃ ይነከራል፣ ቀንዱ ላይ ይወጠራል፣ ጥላ ሥር ሁለት ቀን ይደርቃል፤ በደሴ ጉም ጊዜ አራትና አምስት ቀንም ይፈጃል። ትእዛዝ ሲበዛ ፀሐይ ላይ ያወጡታል፣ ያኔ ጫፉ ይሰነጠቃል። ሌላው የሚታይ ጉድለት ስፌቱ ነው። በአንዱ ኮርቻ ላይ ስፌቱ በቀንዱ አናት አልፏል። ጋላቢው ሲወጣና ሲወርድ እጁን የሚያሳርፈው፣ ልብሱም የሚታከከው እዚያው ስለሆነ መጀመሪያ የሚተረተረው እሱ ነው። ስፌቱ በቀንዱ ጎን፣ ጭን በማይነካው በኩል ይውረድ። ክሩ በሰም የታሸ ጅማት ወይም የተልባ ክር ይሁን። ናይለን አይበጠስም፣ ቆዳውን ግን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። አሰፋፉን እናመሰግናለን፤ በአንድ ቀዳዳ ሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ስፌት ይገባል፣ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።

ቆዳውን በኑግ ዘይት አትቀቡት፤ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራም ይይዛል። ቅቤም ይሸታል። ሦስት እጅ የበግ ሞራ ከአንድ እጅ ሰም ጋር አቅልጣችሁ፣ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ አሹት።

ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ቤቱ በስፖንጅ ሠርቶ ይሰጣል። መልሱለት። ስፖንጅ ላብ አይጠጣም፣ ከክብደት በታች ይጠፋል። የበግ ጠጉር ባና አራት እጥፍ አድርጎ ማንጠፍ ይበልጣል። ባናውን ከፊት ወደ ኋላ እየሳቡ ማስተኛት፣ ከዚያም በትከሻው ጉብታ ላይ በጣት ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አየር ማስገባት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ኮርቻው ባናውን ወጥሮ ጉብታውን ያቆስለዋል።

አሁን ወደ ማሰሪያው። የሮማ ፈረስ ከሆዱ ጠፍር ሌላ በደረቱና በታፋው የሚዞር ማሰሪያ አለው፤ ኮርቻው በዳገት ወደ ኋላ፣ በቁልቁለት ወደ ፊት እንዳይሄድ ነው። ወሎ ላይ ይህ ለሥርዓት ብቻ አይደለም። ከጉጉፍቱ ወደ ታች የሚወርድ ሰው የታፋውን ማሰሪያ ዋጋ ያውቃል። ማሰሪያዎቹ የሚገናኙት በክብ የናስ ጌጥ ሥር ነው። ጌጡን ገልብጣችሁ ካያችሁት ጀርባው ላይ የተበየዱ ሦስት ቀለበቶች ታገኛላችሁ፤ ከሦስት አቅጣጫ የመጣ ጠፍር በየቀለበቱ ገብቶ ይታጠፋል። ጌጥ መስሎ የሚታየው ነገር መጋጠሚያ ነው። የደሴው ቤት የመጀመሪያ ሥራው ላይ ጌጡን ጠፍሩ ላይ በምስማር መትቶት ነበርና ጠፍሩ ሲሳብ ምስማሩ ቀዳዳውን አስፍቶ ወጣ። አሁን ቀለበት ያበጃል። ብየዳው ግን በመበየጃ እርሳስ ብቻ ከሆነ አትቀበሉት፤ በብር ወይም በናስ ብየዳ ይሁን፣ ጠፍሩን በሁለት እጅ ጎትታችሁም ፈትኑት።

ጌጡ ራሱ የሚያስደስት ሥራ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ናስ ላሜራ ተቆርጦ፣ እንጨት ላይ በተቦረቦረ ጎድጓዳ ውስጥ ከጀርባው እየተመታ ሆዱ ወጣ ይላል። በመካከሉ በየጊዜው እሳት ማየት አለበት፤ ሳይሞቅ ብዙ የተመታ ናስ ጠርዙ ላይ ይተረተራል። ከሥሩ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ተንጠልጣይ ይሰቀላል። ሲንቀሳቀስ ይንሿሿል፤ ቃጭልና ሻኩራ የለመደ ፈረስ አይደነግጥም፣ ያለመደውን ግን መጀመሪያ በእጅ እየሳባችሁ አለማምዱት። ቤቱ በጌጡ ጀርባ ስም በመርፌ ነጥብ ይጽፋል። ይህ የፈጠራ ነገር አይደለም፤ ጀርመን ውስጥ ዛንተን ላይ በተገኘ አንድ የፈረስ ጌጥ ላይ የፈረሰኞች አዛዥ የነበረው የፕሊኒ ስም እንዲሁ በነጥብ ተጽፎ ይታያል። ወሎ ደግሞ ሰውን በፈረሱ ስም መጥራት ያውቅበታል፤ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበሩ። በጌጡ ጀርባ የራሳችሁን ሳይሆን የፈረሱን ስም ብታስጽፉ ለቦታው የሚስማማ ይመስለናል።

ልጓሙ ላይ ግን መስማማት አልቻልንም። ቤቱ ከኮርቻው ጋር የሚሰጠው የለመደውን፣ የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚይዘውን ልጓም ነው። ይህ በጣም ኃይለኛ ብረት ነው። በሠለጠነ እጅ ጉግስ ሜዳ ላይ ፈረስን በአንድ ርምጃ ያቆማል፤ ገና ሚዛኑን እየተማረ ያለ፣ እርካብ የሌለው ጀማሪ ግን በየንቅናቄው ዛቡን እየሳበ የፈረሱን አፍ ያደማል። ሮማውያንም ኃይለኛ ልጓም ነበራቸው፤ ነገር ግን መሐሉ በማጠፊያ የተያያዘ ባለ ሁለት ዘንግ ቀላል ልጓምም ነበራቸው። እሱን አሠሩ። ልኩ በገመድ ይወሰዳል፦ ገመዱን በአፉ አሳልፋችሁ ከከንፈር ጫፍ እስከ ከንፈር ጫፍ ያለውን ለኩና በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ሲገባ የከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ሽብሽብ ቢታይ ልክ ነው። ብረቱ በእርሳስ መበየጃ አይነጣ፤ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ይልሰዋል። በቀለበት ልጓም ያደገ ፈረስ ወደ ቀላሉ ሲዛወር መጀመሪያ እጃችሁን ይንቃል፤ ለአንድ ሳምንት በርምጃ ብቻ፣ በታጠረ ቦታ አሠልጥኑት።

ትምህርቱ ቦሩ ሜዳ ላይ ይሰጣል። ሜዳው ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ከዚህ የተሻለ መውደቂያ አይገኝም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፈረስ የለም። ከባሕር ዛፍ ግንድ የተሠራ የእንጨት ፈረስ ላይ ኮርቻው ይጫንና መውጣት መውረድ ይለመዳል። ቬጌቲየስ ስለ ሮማ ሠራዊት በጻፈው ላይ ምልምሎች በክረምት ቤት ውስጥ፣ በበጋ ሜዳ ላይ በእንጨት ፈረስ፣ በግራም በቀኝም መዝለል ይማሩ ነበር፤ መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን፣ በኋላ ከነመሣሪያቸው። አሠልጣኙ ይህንን ሥርዓት መከተሉ ከሁሉም በላይ የወደድነው ነገር ነው። ቀንዶቹ እንቅፋት ስለሆኑ ዝላዩ እንደ ባዶ ጀርባ አይደለም። ግራ እጅ ማጅራቱ ላይ ጋማ ይጨብጣል፣ ቀኝ እጅ የቀኙን የፊት ቀንድ ይይዛል፣ ሰውየው በሆዱ ሳይሆን በክንዱ ከፍ ብሎ ቀኝ እግሩን ከኋላ ቀንዶቹ በላይ አሳልፎ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። የሚቸኩል ሰው ሆዱን ወይም ጭኑን ከኋላው ቀንድ ጋር ያጋጫል። ከመዝለላችሁ በፊት የሆዱን ጠፍር ሁለት ጊዜ አጥብቁ፤ ፈረስ መጀመሪያ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በገመድ ክብ እየዞሩ ርምጃና ሶምሶማ ነው። እዚህ ላይ በእኛ ኮርቻ የሚጋልብ ሰው የራሱ ችግር አለው። በአውራ ጣቱ እርካብ መያዝ የለመደ እግር ድጋፍ ሲያጣ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ተረከዙም ጎድን ይጨምቃል። ፈረሱ ይህን «ሂድ» የተባለ አድርጎ ይወስደዋል፣ ይፈጥናል፤ ጋላቢው ይበልጥ ይጨምቃል። መድኃኒቱ እግርን ማንጠልጠል፣ ከዳሌ ላይ ተቀምጦ ጭን ከቀንዱ ሥር ብቻ እንዲያርፍ መተው ነው። ኮርቻው ይይዛችኋል፤ እናንተ መያዝ የለባችሁም። በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ ሶምሶማ አትሥሩ፤ የደከመ ዳሌ ፈረሱ ወገብ ላይ ይዘላል።

በስድስተኛው ቀን ዘንግ መወርወር ይጀመራል፤ ይህ ቸኩሏል። ምክንያቱ ግን ይገባናል፤ ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው። አርያን የተባለው የቀጰዶቅያ ገዥ በ136 ዓመት (እ.ኤ.አ.) ገደማ በጻፈው ላይ የሮማ ፈረሰኞች ለሁለት ተከፍለው፣ ቀለል ያለ ጋሻ ይዘው፣ ብረት የሌለው የእንጨት ጦር እየተወራወሩ ይጋልቡ እንደነበር ይተርካል። አንዱ ወገን ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ ይመክታል። ይህን ያነበበ የወሎ ሰው ጉግስ ነው ቢል አይፈረድበትም። አሠልጣኙ የጉግስ ሰው ስለሆነ ዘንጉን በትከሻ ሳይሆን በወገብ ዞሮ መወርወርን በደንብ ያስተምራል። ነገር ግን ሶምሶማ ላይ ያለ ዛብ አሥር ክብ መዞር ያልቻለ ሰው ሲወረውር ሌላው እጁ ዛቡን ይጎትታል። ዘንጉ እስከ ዘጠነኛው ቀን ቢቆይ ጥሩ ነው። አርያን የፈረሶቹ ፊት መከለያ እንደነበረው ይጠቅሳል፤ እዚህ ግን የለም። ለዓይን መከለያ ወፍራም ቆዳ በልጓሙ ጉንጭ ላይ ያሰፉ፤ የዘንግ ጫፍ ላይም ጨርቅ ይጠቅለል።

ክብደትን አትርሱ። የሮማ ፈረሰኛ ፈረስ አጥንቱ እንደሚያሳየው ከ130 እስከ 145 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚቆም ነበር፤ የእኛም ብዙ አይርቅም። ጋላቢው ከነኮርቻውና ከነልብሱ ከፈረሱ ክብደት አምስተኛ እጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሚዛን ከሌለ ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሳንቲ ሜትር ለኩ፣ ቁጥሩን በራሱ አባዙት፤ ከደረቱ ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ባለው ርዝመት ደግማችሁ አባዙና ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ 256 ኪሎ ገደማ ነው። ኮርቻው ብቻ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል። የብረት ጥልፍልፍ ጥሩር የሚያምረው ሰው ቀጠን ያለ ይሁን፣ ወይም ጥሩሩን ለመቆሚያ ትርኢት ያስቀር።

ከግልቢያ በኋላ ኮርቻውን ስታነሡ ጀርባውን ሳታብሱ እዩት። ላቡ በሁለቱም ጎን እኩል ተዘርግቶ አከርካሪው ላይ ደረቅ መስመር ካለ ደኅና ነው። በላቡ መሐል እንደ ሳንቲም ክብ ደረቅ ቦታ ካያችሁ ግን ገበታው እዚያ ላይ ይጫናል፤ ዛሬ ጠጉር ነው፣ ከሳምንት በኋላ ገጣባ ነው። ያንን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ኮርቻውን በላዩ አስቀምጡት፤ ጠመኔው ገበታው ላይ ይታተማል፣ ባለሙያውም የታተመውን ብቻ ይሞርደዋል። ቤቱ ይህን እርማት ለመጀመሪያው ወር ያለ ክፍያ ይሠራል፤ በዚህ በእርግጥ ይመሰገናል።

ዋጋው ከተለመደው ጥሩ ኮርቻ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ግማሹ ቀብድ ይከፈላል። የናስ ጌጡ ለብቻው ሲቆረጥ ሩቡን ይወስዳል፤ አቅም ካነሰ ጌጡን ለኋላ አቆዩትና ቀለበቶቹን በብረት አሠሩ፣ ጥንካሬው አይቀንስም። ትእዛዙን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስጡ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተሰፋ ቆዳ ሳይደርቅ ይሻግታል። ሠርታችሁ ስትረከቡ የሆዱ ጠፍር የቀኝ ጫፍ ሳይሰፋ ይቆይ። ኮርቻው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረሱ ላይ ተጭኖ፣ ጠፍሩ ተስቦ፣ ከክርኑ ኋላ አራት ጣት ሲያርፍ ቀዳዳው በወስፌ ይመታ፣ ያኔ ይሰፋ።